ይቅርብኝ ያልኩት እሑድ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ የግፊት ክኒኔን ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት «ሰንደይ!» ብላ ጮኸች። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ዕድሜ ብዙ ነገር ያምታታል፣ ምስኪን ቀኑ ጠፍቶባት ይሆናል ብዬ ወደ ተራዬ ዞርኩ። ሴትዮዋ ግን ምርኩዟን እየጎተተች መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ሰንደይ! አንቺ ነሽ አይደል? ልጅሽ እንዴት ናት? ፀጉሯስ?» ስትለኝ ነው ያወቅኋት። ዶሮቲ ናት፤ ከመርሻ ጋር ስንፋታ ጠበቃዬ የነበረችው። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎ ስሜን ረስታዋለች፣ እሑድን ግን አልረሳችም። በጥብቅና ዘመኗ ስንቱን ባልና ሚስት እንዳፋታች እግዜር ይወቅ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ትዝ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ያውም ስላናደድኳት። «ለልጅ ልጆቼ ሳወራላቸው አያምኑኝም» አለችኝ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መድኃኒቴን ይዤ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ስሄድ ነገርን ነገር ያነሳዋልና ያ ዘመን ተግተልትሎ መጣብኝ። ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ መስተዋት በመስተዋት አልሆነችም። ዛሬ ዮጋ የሚሠራበትና አንድ ስኒ ቡና በሰባት ዶላር የሚሸጥበት መንገድ ያኔ ግማሹ በጣውላ የታሸገ ሱቅ ነበር። ዊግ መሸጫ፣ ጫማ ጠጋኝ፣ ሁልጊዜ «ልንዘጋ ነው፣ በርካሽ ውሰዱ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ሳይዘጋ ዓመታት የቆየ የሶፋ ቤት። እንጀራ የምንገዛው ከነዳጅ ማደያ ነበር፤ በላስቲክ ታስሮ ከሲጋራውና ከሎተሪው ጎን ባንኮኒ ላይ ይቀመጣል፣ ሐሙስ ካልደረስሽ አርብ አታገኚም። አገር ቤት ለመደወል የአምስት ዶላር ካርድ በሳንቲም እንፍቃለን፤ የካርዱ ግማሽ «ሄሎ፣ ይሰማል? ሄሎ» ስንል ያልቃል። ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለው ኮት እንለብስ ነበር። እኔም አንድ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነበረኝ፤ እሱን ለብሼ በር ስገባ ከእኔ በፊት ትከሻዬ ይገባል።

መርሻ ያኔ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳል። የምንኖረውም እዚያው፣ አውራ ጎዳናው አጠገብ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነበር። ሕንፃው ሀበሻ በሀበሻ ስለነበር ሊፍቱ ሁልጊዜ ቁሌት ቁሌት ይሸታል፤ ሌሎቹ ጎረቤቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። የመርሻ ታክሲ ውስጥ ካሴት አይጠፋም። ቴፑ ካሴቱን ሲጎርስበት መንገድ ዳር አቁሞ፣ በእስክሪብቶ እያዞረ ክሩን መልሶ ይጠቀልላል፤ ለዚህ የነበረውን ትዕግሥት ግማሹን ለእኔ ቢሰጠኝ እስከ ዛሬ አብረን በነበርን። ክፉ ሰው አልነበረም። አይጠጣም፣ አይማታም፣ ሌላ ሴት አያይም። ይህን ስናገር «ታዲያ ለምን ፈታሽው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ይኼ ጥያቄም እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰው የሚፋታው ጥርሱ ሲወልቅ ብቻ ነው እንዴ? አሥራ አንድ ዓመት በኩርፊያ መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሱ ምን እንደፈለገ አይናገር፣ እኔ አልናገር፣ ሁለታችንም እየገመትን፣ ሁለታችንም ግምቱን እየሳትን ኖርን። መጨረሻ ላይ ከአንድ የገና በዓል እስከ ጥምቀት ሳንነጋገር ሰነበትን። ጥምቀት ሲያልፍ ሰባት ዓመት የሆናትን ልጃችንን ቤዛን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ላንግሊ ፓርክ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተዳብዬ ከረምኩ። በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ አገኘሁ። ሥራዬ ዲሲ መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ያለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር፤ በመስኮት ትኬት መቀበል፣ መልስ መስጠት፣ የመኪና ጭስ መጠጣት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ቤዛን ከትምህርት ቤት መልስ ጎረቤቴ ታቆይልኛለች፤ እኔ ስደርስ ራቷን በልታ እያንቀላፋች ነው። ስለዚህ የእኔና የልጄ ቀን እሑድ ብቻ ነበር። እሑድ ፀጉሯን እሠራላታለሁ።

ይህን የቤዛን ፀጉር ያላየ ሰው ነገሩን አይረዳውም። የአባቷን እናት ነው የወረሰችው፤ ብዛቱ ለሦስት ሰው ይበቃል፣ ማበጠሪያ ይሰብራል። ጠዋት ይታጠባል፣ ቅባት ይጠጣል፣ ይፈታል። ከሰዓት በኋላ ሹሩባው ይጀመራል። እሷ ወለሉ ላይ በጉልበቶቼ መካከል ትቀመጣለች፣ እኔ ወንበር ላይ። ሬዲዮው ይለፈልፋል። ሳብ ሳደርግባት «ማሚ! ኢት ኸርትስ!» ትላለች፤ «ዝም በይ፣ ቁንጅና እንዲህ ነው» እላታለሁ። በየመሀሉ ግን የሳምንቱን ወሬ ሁሉ የምትነግረኝ ያኔ ነበር። ማን እንደገፋት፣ አስተማሪዋ ምን እንዳለቻት፣ አንዱ ልጅ ምሳዋን አይቶ ምን እንዳለ። ፊቴን ስለማታይ ሁሉን ትነግረኛለች። በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፣ እንግባባለን። ሌላው ስድስት ቀን ዕንቅልፍና ሩጫ ነበር። ዛሬ ሠላሳ አልፏታል፤ ያን ፀጉር እንደ ወታደር ተላጭታው ትዞራለች። «ኢትስ ሶ ኢዚ፣ ማሚ» ትለኛለች። ይግደለኝ!

ወደ ጠበቃዋ ልመለስ። በቨርጂንያ ሕግ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ለመፋታት ዓመት ተለያይተው መኖር ነበረባቸው። በዚያ መሀል በጠበቆቻቸው በኩል ተደራድረው ስምምነት ይጽፋሉ፤ ማን ምን ይወስዳል፣ ልጅቷ በየትኛው ቀን የት ታድራለች። የዶሮቲ ቢሮ አሌክሳንድሪያ ኪንግ ጎዳና ላይ፣ የመብራት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ያለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ነበር። ያኔም የዚያ ሰፈር ሰው በጡብ መንገዱ ላይ ውሻውን በገመድ ይዞ ቀስ እያለ ይንሸራሸር ነበር፤ እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሁለት ባቡርና በአንድ አውቶቡስ መጥቼ በመካከላቸው እሮጣለሁ። ዶሮቲ ዓይኗ ንስር የሆነ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። «ከሁሉ በላይ የምትፈልጊው ምንድን ነው?» አለችኝ። «እሑድን» አልኳት። ለእሷ መናገር አልከበደኝም፤ ባዳ ናት። «ጥሩ። እንግዲያ ብዙ ነገር እንጠይቃለን። ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የሠርጉን አልበም። ከዚያ ሌላውን ለቀን እሑድን እንይዛለን» አለችኝ። የማልፈልገውን ዕቃ እፈልጋለሁ ብሎ መለመን ነውር ሆኖ ታየኝ፣ ግን ጠበቃ እሷ ናት ብዬ እሺ አልኩ።

የድርድሩ ቀን ያን ወይን ጠጅ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። መርሻ ምን ለብሶ ቢመጣ ጥሩ ነው? የሠርጋችንን ሱፍ! ያለው ሙሉ ልብስ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው፤ ይገባኛል። ቢሆንም ፍቺ ሊነጋገር በሠርግ ልብሱ የሚመጣ ሰው ሲያዩት ደም ያፈላል። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። አጠገቡ ቀይ ከረባት ያሰረ ወጣት ጠበቃ ተቀምጧል። ረጅም ጠረጴዛ፣ መሀሉ ላይ የከረሜላ ሳህን፣ ጥግ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተጣደ የፈረንጅ ቡና። ዶሮቲ ጀመረች። ቴሌቪዥኑ ጋ ስትደርስ «ደንበኛዬ ትፈልገዋለች» አለች። እኔ ደንገጥ ብዬ «ግድ የለም፣ እሱ ይውሰደው» አልኩ። መርሻ ወዲያው «ኧረ ትውሰደው፣ ልጅቷ ታይበታለች» አለ። «ኧረ ይቅርብኝ፣ አንተ ማታ ምን ልታይ ነው?» አልኩ። «በሞቴ ውሰጂው!» አለ። «እሺ በቃ» አልኩ፤ ተወሰነ። ሁለቱ ጠበቆች እየተያዩ ፈገግ አሉ። ሶፋውም እንዲሁ ሆነ። አልበሙም እንዲሁ። ልቤ ረጋ፤ ፍቺ ላይም ብንሆን ሁለታችንም በአንድ ደንብ ያደግን ሰዎች ነን፣ ተግባብተናል ብዬ አሰብኩ።

ደንባችንን መቼም የምታውቁት ነው። እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲል መጥገቡ አይደለም፤ ጨምሩልኝ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው እምቢታ ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ወግ ነው፣ በሦስተኛው ልመና እጅ ይታጠባል። እዚሁ አሌክሳንድሪያ ሬስቶራንቶች ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ የሚሆነውን አላያችሁም? አስተናጋጇ መሀል ቆማ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ካርድ እየሰጧት፣ ሁለት ጎልማሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲታገሉ። አንደኛው ያለ ትግል ካርዱን ወደ ኪሱ ቢመልስ ያ ሰው አለቀለት፤ አስፐን ሂል ድረስ ይወራበታል።

እሑድ ላይ ደረስን። ዶሮቲ ድምጿን አስተካክላ «እሑድ ከእናቷ ጋር» አለች። ባለ ቀይ ከረባቱ «እሑድ ከአባቷ ጋር፤ አብረው ሳሉ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳት እሱ ነበር» አለ። መርሻ ጠረጴዛውን እያየ ነው። ያ የቀላ ዓይኑ፣ ያ የሠርግ ሱፍ፣ አንገቱ ላይ ሰፍቶት። በሰው ፊት፣ አንድን አባት ልጁን ልቀማው ነው እንዴ? ይሉኝታ ማጅራቴን ያዘኝ። «ግድ የለም፣ እሑድን እሱ ይውሰድ» አልኩ። በእንግሊዝኛ ነበር ያልኩት፣ ያውም ጥርት አድርጌ። ዶሮቲ እንደ መብረቅ ዞረችብኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ለእሷ ጥያቄ ነበር፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ልመና መሰለኝ። አንድ ጊዜ ሲለምኑሽ እሺ ትያለሽ? «እርግጠኛ ነኝ፣ ይቅርብኝ» አልኩና አሁን ተራው የመርሻ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ኧረ አይሆንም፣ እናት አይደለች እንዴ፣ ትውሰድ» እንዲል ጠበቅሁ። መርሻ ዝም አለ። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ጠረጴዛውን አየ። ባለ ቀይ ከረባቱ እስክሪብቶውን አንስቶ ጻፈ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኮሪደር እንደወጣን ዶሮቲ ሁለቱን ትከሻዬን ይዛ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ከሁሉ በላይ የምፈልገው እሑድን ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ» አልኳት፤ እንባዬ መጥቷል። «ከልቤ አልነበረም የሰጠሁት።»

«ከልብሽ ካልሆነ ለምን አልሽው?»

«እሱ መልሶ እንዲለምነኝ ነዋ!»

ዶሮቲ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መነጽሯን አውልቃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ስምምነት ነው እኮ የምንጽፈው» አለች በቀስታ፤ «የምትይውን ነው የሚጽፉት።» ይኸው ነገሩ እስኪፈረም ድረስ በተስማማችሁት ጀምሩት ተባለና ቅዳሜና እሑድ ቤዛ አሌክሳንድሪያ ሆነች።

ሰኞ ጠዋት መርሻ ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ ማታ እኔ አገኛታለሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ሳያት ደንገጥ አልኩ። ያን ፀጉር ሰብስቦ በወረቀት ማሰሪያ ላስቲክ አናቷ ላይ አስሮታል። ላስቲኩን ሳወጣ አንድ እፍኝ ፀጉር አብሮ ወጣ፣ እሷ አለቀሰች፣ እኔ አለቀስኩ። ማታ ማታ ልሠራላት ሞከርኩ፤ ግማሹን ሳልፈታ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ጠዋት ደግሞ አውቶቡስ አለ። በአንድ በኩል ሹሩባ፣ በሌላ በኩል ጎፈሬ ሆና የሄደችበት ቀን አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወሬዋ መጥፋቱ ነበር። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስላት «ፋይን» ትላለች። በቃ፣ ፋይን። ባዶውን እሑድ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያን በልመና የወሰድኩትን ቴሌቪዥን አያለሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉት እንዲህ ነው።

ዶሮቲ ለባለ ቀይ ከረባቱ ጻፈችለት፣ እሱም «ደንበኛሽ በፈቃዷ ነው የሰጠችው» የሚል ዓይነት መልስ መለሰላት። ጠበቃ አልሆን ሲል ሽማግሌ ይሞከር አልኩና አናንዴል ለሚኖሩት ለጋሽ ታምራት ደወልኩ። ሠርጋችን ላይ የመረቁን እሳቸው ነበሩ። ሁለት ሰው አስከትለው እኔ ቤት መጡ። በክረምት ነው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሶፋዬ ላይ ተደረደሩ። ሻይ አቀረብኩ፤ «አይ ጠጥተን ነው የመጣነው» አሉ፤ ለመንኩ፤ ጠጡ። ነገሬን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ታምራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ሙሉነሽ፣ እኛ የመጣነው ለእርቅ ነው። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል። ትዳሩ ከታረቀ እሑዱም ቅዳሜውም የሁላችሁም ይሆናል።»

«ጋሽ ታምራት፣ ትዳሩ አልቋል እኮ። እሑድን ብቻ እንዲመልስልኝ ይንገሩልኝ።»

«እኛ ቀን ለማካፈል አንቀመጥም። ቀን ካካፈልን ማፋታታችን አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ሁለቱ አብረዋቸው የመጡት አንገታቸውን ነቀነቁ። ስለ ትዕግሥት ብዙ መከሩኝ። ይገርማችኋል፣ ፈረንጆቹ ቃሌን እንዳለ ወሰዱት፣ የእኛዎቹ ደግሞ ጭራሽ አልሰሙኝም። በመካከል እኔ ነኝ የማብደው። እንዲያም ሆኖ ጋሽ ታምራት ደግ ሰው ናቸውና ለእርቁ ሲሉ መርሻን ሄደው አነጋገሩት። በሳምንቱ ደወሉልኝ።

«አናገርነው። እርቁን እንጃ አለ። የቀኗን ነገር ደግሞ፣ 'ራሷ ሰጠችኝ፤ ከፈለገች ራሷ ትጠይቀኝ' ብሏል።»

«እኔ? እኔ መርሻን ልለምን?»

«እኔ እሱ ያለኝን ነው የነገርኩሽ ልጄ» አሉና ዘጉት።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አሥራ አንድ ዓመት «ይህን አድርግልኝ» ሳልለው የኖርኩትን ሰው አሁን፣ ስንፋታ፣ በጠበቃ ፊት ልለምነው! ይቅር፣ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ሁለት ወር ሞቼ ተገኘሁ። የፊርማው ቀን ለአንድ ሐሙስ ተቀጠረ። በዚያው ሳምንት ሰኞ ማታ ቤዛ ላስቲኳን እየነካካች፣ ካርቱን እያየች፣ «ማሚ፣ ዳዲ ሴድ ዊ ካን ካት ኢት። ኦን ሰንደይ። ኦል ኦፍ ኢት» አለችኝ። ይቆረጣል። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሊወስዳት ነው፣ የታክሲ ሾፌሮቹ የሚላጩበት። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን በዚያች ሰዓት ከንዴቱ ይልቅ ፍርሃቱ በረታብኝ። እሑድ በወረቀት ከተፈረመ ልጄ በጉልበቶቼ መካከል የምትቀመጥበት ቀን አበቃ። ስታድግ «ፋይን» ብቻ የምትለኝ ልጅ ልትሆን ነው።

ሐሙስ ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው የተቃጠለ ቡና። መርሻም በዚያው ሱፍ። ወረቀቱ በሁለት ኮፒ ተዘርግቷል፣ ዶሮቲ የምፈርምበትን ቦታ በቢጫ ወረቀት ምልክት አድርጋበታለች። እስክሪብቶውን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። የሚገርመው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ከባድ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ፖሊስ ፊት ተናግሬያለሁ፣ አለቃዬ ላይ ጮኼያለሁ። እንደዚያ ቀን አፌ የከበደበት ጊዜ ግን የለም።

«መርሻ፣ እሑድን እፈልጋለሁ» አልኩት በአማርኛ።

ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«እሑድን ስጠኝ። ፀጉሯን ልሥራላት።»

«እንግዲያ ያን ቀን ለምን ውሰድ አልሽኝ?»

«እንድትመልስልኝ ነዋ! ቴሌቪዥኑን በሞቴ ብለህ የሰጠኸኝ ሰውዬ፣ እሑድ ላይ ምላስህን ምን ያዘው?»

«እኔም እሑድን እፈልግ ነበራ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ደሞ ደከመኝ ሙሉ። አሥራ አንድ ዓመት ምን እንደምትፈልጊ ስገምት ኖርኩ። ጫማ ልግዛልሽ ስልሽ 'ምን ያደርግልኛል' ትያለሽ፤ ባዶ እጄን ስመጣ ሳምንት ታኮርፊያለሽ። ያን ቀን አንድ ጊዜ ቃልሽን ልመን ብዬ አመንኩ።»

«አንተስ! 'ራት ምን ልሥራ?' ስልህ 'የተገኘውን'፤ የተገኘውን ሳቀርብ ሁለት ጎርሰህ ትነሳለህ! ዶሮ እንዳማረህ በምን ልወቅ? ጠንቋይ ነኝ?»

«ዶሮማ ሁልጊዜ ያምረኛል!» አለ።

ጠበቆቹ ራሳቸውን ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ እያመላለሱ ያያሉ። ባለ ቀይ ከረባቱ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሰብስቦ አቅፎታል። ዶሮቲ «ችግር አለ?» አለች። መርሻ ዓይኑን በመዳፉ አሻሸ። ሳይለምነኝ፣ ሳያኮርፍ፣ «ውሰጂ» አለ።

እንደ ደንቡ እኔ አሁን «ኧረ ግድ የለም፣ እያፈራረቅን» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «እሺ» አልኩ።

«ቅዳሴ ግን እኔ ልውሰዳት። ከዚያ አምጥቼልሽ እሄዳለሁ» አለ።

«እሺ።»

«ፀጉሯንም እኔ አላስቆርጥም። እሷ ናት ያለችው።»

«እሺ መርሻ።»

ለዶሮቲ በእንግሊዝኛ ነገርናት። ባለ ቀይ ከረባቱ መርሻን ሦስት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው፣ መርሻም ሦስቴ «አዎ» አለው። እዚያው ተስተካክሎ ተጻፈ፣ ፈረምን። ያን ሁሉ ዓመት የሚፈልገውን ነግሮኝ፣ የምፈልገውን ነግሬው፣ ሳንኮራረፍ የተስማማነው ያኔ ብቻ ነው። እንዲህ መነጋገር እንችል ኖሯል! ታዲያ ምን ሆነን ነበር? ማን ከለከለን? ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እጄን እነክሳለሁ።

ጠበቆቹ ወደኋላ ቀሩና ሁለታችን ሊፍቱ በር ላይ ተገናኘን። ተከፈተ። «ግቢ» አለኝ። «ኧረ ቅደም፣ አንተ ሥራ አለብህ» አልኩት። «አይሆንም፣ ግቢ እንጂ» አለ። «በሞቴ፣ ቅደም» አልኩ። በሩ ፊታችን ላይ ተዘጋና ሊፍቱ ባዶውን ወረደ። ተያየን። መርሻ ሳቅ ጀመረ፤ እኔም ግድግዳውን ተደግፌ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ከዚያ በፊት አብረን የሳቅነው መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ሊፍቱ ተመልሶ ሲመጣ ቀድሜ ገባሁ። ዞር ስል መርሻ አልተከተለኝም፤ እዚያው ቆሟል። «እኔ በደረጃው እወርዳለሁ» አለኝ። በሩ ቀስ እያለ ተዘጋ። አራት ፎቅ እስክወርድ ድረስ እያለቀስኩ ነበር። ከዚያ ኪንግ ጎዳና ወጥቼ ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግሁና፣ መጀመሪያ ያየሁት የፀጉር ዕቃ ሱቅ ገብቼ፣ ዋጋውን ሳልጠይቅ ጥርሱ ሰፊ የሆነ ጠንካራ ማበጠሪያ ገዛሁ።